ጠዋት ከቅኝት የሚወጣ ሲንተሳይዘርና የማሲንቆ ድምፅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አናሎግ ሲንተሳይዘር (ድምፁን ከኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈጥር ኪቦርድ) የምትጫወቱ ልጆች ልምዳችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ዛሬ የእነሱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። በቅርቡ ያገለገለ አናሎግ ሲንተሳይዘር ገዛሁ። ጠዋት ስከፍተው ቅኝቱ አይገጥምም። አስተካክዬው ሁለት ዘፈን ሳልጫወት ደግሞ ይስታል። ከሰዓት ግን ደህና ነው። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለልክም ወንድሜ። ብርዱ ነው። በአናሎግ ሲንተሳይዘር የድምፁን ከፍታ የሚወስነው ቮልቴጅ ነው። በብዙዎቹ ላይ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ይወጣል። አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ፣ እንግዲህ 83 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነች። ይህን የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ደግሞ ሙቀት ሲለወጥ ጠባያቸው ይለወጣል። ሠሪዎቹ ማካካሻ ያስገቡበታል፤ ቢሆንም ውስጡ እስኪሞቅ ድረስ ድምፁ ይንሸራተታል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ውርጯን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ሌሊቱን በዚያ ብርድ ያደረ ዕቃ እንደተከፈተ ልክ ይሁን ማለት ይከብዳል።

እኔም እዚያው ከተማችሁ ጥር ላይ ሠርግ ልንጫወት መጥተን ደርሶብኛል። አዳራሹ ባዶና ቀዝቃዛ ሳለ ቃኝቼ ጨረስኩ። ሰው ሞላ፣ ጭፈራው ደራ፣ ቤቱ ጋለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሲንተሳይዘሬ ቤዝ ከክራሩ ቅኝት ሸሸ። ክራር የያዘው ልጅ ጣቱን ክሩ ላይ እንዳደረገ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም፤ ግን ፊቱ አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ከመጫወትህ ግማሽ ሰዓት በፊት ክፈተውና ተወው። ገና እንደከፈትከው አትቃኘው። አዳራሹ ሰው ሲሞላ እንደገና አስተካክል። ከሰል ማንደጃ አጠገብም፣ ንፋስ ከሚገባበት መስኮት ሥርም አታስቀምጠው። አንድ ሰዓት ሞቆም የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ታችኛው ዶ ልክ ሆኖ ላይኛው ዶ ከሳተ፣ ያኔ የውስጥ ማስተካከያ ይፈልጋልና ለባለሙያ ስጠው። አደራ፣ ራስህ ብሎኑን አትፍታ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ብርድ የጠጣው ዕቃ ቆላው ውስጥ ያልበዋል። እርጥበቱ ውስጡ ይገባል። ከቦርሳው ሳታወጡት ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍልህ። አባቴ ማሲንቆ ይመታሉ፣ እኔ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሲንተሳይዘር አለኝ። ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ልሠራበት ሞክሬ መኪና መኪና ይለኛል። አባቴም «ይኼ የፈረንጅ መኪና ነው፣ ተይው» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባትሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው። አኮርዲዮን ይዘው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በፈረንጆች 1985 አሜሪካ ሆነው ያንኑ አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው የሀገራቸውን ዜማ ቀረጹ። የሸዋ ልጅ ነው መኪናውን በእኛ ዜማ ያናገረው።

ወደ ድምፁ እንምጣ። አንድ ድምፅ ብቻ ማውጣቱ አያሳዝንሽ፤ ማሲንቆም አንድ ክር ነው ያለው። ደጋኑ ጭራውን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ይኼ ያዝ ለቀቅ የሚፈጥረው ሞገድ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ስለዚህ ካሬውን ትተሽ መጋዙን ሞገድ ምረጪ። አንድ ኦሲሌተር (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) ይበቃል። ሁለት ስትደርቢ ይወፍርና የማሲንቆው ቅጥነት ይጠፋል። የፊልተሩን ካትኦፍ (ከየት በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን) መሐል ላይ አድርጊ፣ ሬዞናንሱን (እዚያው መቁረጫው አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላውን) ትንሽ ብቻ ጨምሪ፣ በቆዳ የተለበጠው ሳጥን የሚሰጠውን አፍንጫ አፍንጫ የሚል ቃና የምታገኚው እዚያ አካባቢ ነው። አታኩን (ድምፁ የሚነሣበትን ፍጥነት) ትንሽ አዘግዪው፤ ደጋን እንደ ክራር ቶሎ አይመታም። ኖይዝ (ሽሽ የሚል ድምፅ) ካለው በጣም ጥቂት ጣል አድርጊበት፣ የጭራው ፉጨት ይመጣል። ግላይዱን (ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚያንሸራትተውን) አጭር አድርገሽ ክፈቺው፤ አባትሽ ጣታቸውን ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲያንሸራትቱ ልብ በያቸው።

መኪና መኪና ያለብሽ ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ቁልፉን ተጭነሽ ዝም ስትይ ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆማል። ማሲንቆ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ ዜማውን በቀኝ እጅሽ ተጫወቺ፣ ግራ እጅሽን ከካትኦፉ ኖብ (የሚዞረው ማስተካከያ) ላይ አታንሺው። አባትሽ ደጋኑን ሲጫኑት ትንሽ ክፈቺ፣ ሲያላሉት ዝጊ። ያ ኖብ ደጋንሽ ነው። አንድ ምሽት አብረሻቸው ተቀመጪና ከእሳቸው እኩል ሞክሪ። እኔ እንዲህ ስለማመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ትዝታና ባቲ በሲንተሳይዘሬ ደህና ይወጣሉ፤ አንቺሆዬ ግን ይጎረብጠኛል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ጆሮህ ልክ ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ፣ እያንዳንዱን 100 ሴንት (የቅኝት መለኪያ ነው) አድርጎ ይከፍላል። አዝማሪ ሲዘፍን ግን በዚያ ክፍፍል አይታሰርም፣ አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። እንደ ኮርግ ሞኖሎግ ያሉት ሲንተሳይዘሮች እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ። አካባቢህ ያለ ጥሩ አዝማሪ አስፈቅደህ ቅረጽ፣ ድምፁን ቀስ ብለህ እየሰማህ አንድ በአንድ አስተካክል፣ የሴንቱን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍ። ቅኝት ከሰው ሰው ይለያያልና የሌላ ሰው ቁጥር ከምትቀዳ የራስህን አካባቢ ብትይዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲንተሳይዘር ልኮልኛል። ዝም ብዬ ልሰካው?

መልስ፦ ቆይ! ጀርባው ወይም አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃሃል። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ግዛ።

ከሸዋ ሮቢት የጻፈልን ልጅ ጥያቄ የለውም፣ ልምዱን ነው የላከው። በገና የሚመስል ድምፅ ሲፈልግ ቀጭን የፐልስ ሞገድ መርጦ ሁለት ኦክታቭ ያወርደዋል፣ ፊልተሩን ሲመታ ከፍቶ ቶሎ እንዲዘጋ ያደርገዋል። ሞከርኩት። እንዝራው (ከበገናው ክር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚያሰማው ንዝረት ሙሉ በሙሉ ባይመጣም ጥላው አለ። የእሱ ሲንተሳይዘር የሠራውን ድምፅ አያስቀምጥም፣ ኖብ ከነኩበት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኖብ አቅጣጫ በደብተር ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እየሳለ ይይዛል፤ ካትኦፉ 10 ሰዓት ላይ፣ ሬዞናንሱ 8 ላይ እያለ። ሰላሳ ገጽ ሞልቷል። የበገናዋን ገጽ ፎቶ ልኮልኛል፣ ጠርዟ ላይ በእርሳስ «ለጾም» ብሎ ጽፎባታል።