ጉበት ንቅለ ተከላ ላደረገች ልጅ የጀርባ ሕመም፦ ሽሮፕ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ የ3 ዓመት ልጅሽ ጉበት ንቅለ ተከላ ካደረገች ወራት አልፈዋል፤ ማታ ማታ «ጀርባዬን» እያለች ታለቅሳለች፤ የካልሲየም ሽሮፕ ልስጣት ወይ ብለሻል። ሽሮፑ ይቆይ። መጀመሪያ የጀርባዋ ራጅ ይነሣ።

1. የኛም ልጅ ሕንድ ነው የተሠራለት። ጀርባውን ሲያመው እዚሁ ጣፎ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ፋይሉን ሳይገልጥ «እድገት ነው፤ የተተከለው ጉበት ነው፣ አጥንት ምን አገባው?» አለኝ። እንዴት አያገባው! እንደኛ ልጅ የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ የቆየ ልጅ ሐሞቱ ወደ አንጀት ስለማይወርድ ቫይታሚን ዲ በደንብ አይገባለትም፤ አጥንቱ ገና ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሳስቷል። በዚያ ላይ ሰውነቱ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋው የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ይጨመርበታል፤ እሱም አጥንት ያሳሳል። ከንቅለ ተከላው በኋላ በመጀመሪያው ዓመት አከርካሪ ሳይወድቁም ሊሰበር ይችላል። ራጅ ቤት ያለችውም «ማዘዣ ከሌለሽ ውጪ ጠብቂ» ብላ ጮኸችብኝ፤ ልጄን አቅፌ ከበሩ አልነቃነቅም አልኩ። በመጨረሻ ተነሣ፤ አንዱ አከርካሪ ተጨፍልቆ ተገኘ። እድገት ነው ይሉኛል እንዴ!

2. ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ። አማቴ «ወለም ብሎት ነው፣ ይታሽ» ብላ ቆማ ነበር፤ እምቢ ስል አኮረፈች፣ ታኩርፍ። የሳሳ አከርካሪ ታሽቶ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

3. የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ አሠሪ፣ መጠኑን በውጤቱ ሐኪም ይዘዝ። ማግኒዚየምም ይታይ፤ ጉበቱን ሰውነቷ እንዳይገፋው የሚሰጠው ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ያወርደዋል፣ ለአጥንትም ያስፈልጋል። ካልሲየም በቀን 700 ሚሊግራም ነው ለሷ ዕድሜ፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻውን ወደ 300 ይሰጣታል። ግን እንደኛ ሰፈር ከላም ቤት የምትገዢ ከሆነ በደንብ ይፍላ፤ መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያወርደው ጥሬ ወተት፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ፣ አይሞከርም።

4. ፕሬድኒሶሎኑን ግን ለአጥንት ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ሰውነቷ ጉበቱን አልቀበልም ሊል ይችላል። የኛ ልጅ ሐኪሞቹ ቀስ እያሉ ሲቀንሱለት ነው አጥንቱ ያገገመው፤ አሁን አጥር ላይ ሲንጠላጠል ነው የማገኘው።

ራጁ ከጎንም ይነሣ፤ የተጨፈለቀ አከርካሪ በደንብ የሚታየው ከጎን ነው። ወረቀት ብቻ ሰጥተው ሊሸኙሽ ይሞክራሉ። ሲዲውን ሳትይዢ አትውጪ፤ ንቅለ ተከላውን ለሠሩላት ሐኪሞች የምትልኪው እሱን ነው።