ኮዱን የመጨረሻ አድርጉት፦ የስጋ ማጨሻ ሙቀት መቆጣጠሪያ ለሚሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በርሜል ቆርጣችሁ፣ ከሰል አንድዳችሁ፣ አርዱዊኖ የሚባለውን ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳና የኮምፒውተር ፋን ገጥማችሁ ስጋ በዝግታ የሚያጨስ ዕቃ ለምትሠሩ ሁሉ ይህን ጻፍኩላችሁ። ሥራችሁ ያስደስተኛል። ሙቀቱ 110 ዲግሪ ላይ አልቆም ሲላችሁ ግን መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ ኮዱ ነው። ቁጥር ትቀይራላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ ደግሞ ትቀይራላችሁ። ሲመሽ የቱ ብልሽት ከጥንቱ የነበረ፣ የቱ ደግሞ እናንተ ያመጣችሁት እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። እባካችሁ ኮዱን የመጨረሻ አድርጉት።

ከበርሜሉ ጀምሩ። ፋን እሳት ያቀጣጥላል እንጂ አያበርድም፤ ፋኑ ሲቆም ሙቀቱ የሚወርደው ከሰሉ አየር ሲያጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋኑን ንቀሉ፣ የገባበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ ድፈኑ፣ የጭስ መውጫውን ሩብ ያህል ክፍት ተዉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እሳቱ እየደከመ ከሄደ በርሜሉ ደህና ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ከባሰበት አየር የሚሰርቅበት ቦታ አለ፤ የቱንም ያህል ጥሩ ኮድ ብትጽፉ አያድናችሁም። ቦታውን ለማግኘት የሚጨስ ዕጣን በክዳኑ ዙሪያና በመገጣጠሚያዎቹ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ጢሱ ተስቦ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ለጊዜው ጭቃና አመድ ለውሳችሁ ምረጉት፤ ለዘለቄታው ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይሻላል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ የፋኑን አፍ ፊት ለፊት ካገኘው ፋኑ ቆሞ ሳለም ከሰሉን ያራግበዋል። አፉን ከነፋሱ አዙሩት፤ በራሱ ክብደት የሚዘጋ ስስ የቆርቆሮ ምላስም አድርጉለት።

ቀጥሎ ሴንሰሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ቴርሞኮፕሉ፣ ማለት ሙቀት የሚለካው ባለ ሁለት ብረት ሽቦ፣ ልክ መናገሩን ለማወቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ደግ ነው። ከዚያ ስክሪኑ 92 ሲል «8 ዲግሪ አጉድሏል» ብላችሁ ኮዱ ላይ 8 ትደምራላችሁ። አላጎደለም! ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94 ገደማ። ጫፉን የድስቱን ግድግዳ ሳታስነኩ ንከሩና ቁጥሩን ተመልከቱ፦ 86፣ 90፣ 91.25፣ 91.75 እያለ ይወጣና ይቆማል። ደሴ ላይ ያ ትክክል ነው። በሌላ ብርጭቆ የተፈጨ በረዶ በጥቂት ውሃ አማስሉና እንደገና ንከሩት፤ ወደ 0 መጠጋት አለበት። ሁለቱም ቦታ ላይ በእኩል መጠን ከተሳሳተ ያን ያህል በኮዱ ቀንሱ ወይም ደምሩ። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ነገሩ ሽቦው ጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቴርሞኮፕሉን ሽቦ በተራ የመዳብ ሽቦ ስለቀጠላችሁት ነው። ኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል የሚቀጠለው በራሱ ዓይነት ሽቦ ብቻ ነው።

ሲሞቅ ቁጥሩ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ተገላብጠዋል። ቁጥሩ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማክስ 6675ን፣ የቴርሞኮፕሉን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ቺፕ፣ ቶሎ ቶሎ እያነበባችሁት ይሆናል። ይህ ቺፕ አንድ ልኬት ለመጨረስ እስከ 0.22 ሰከንድ ይፈልጋል፤ መሀል ላይ ካቋረጣችሁት የድሮውን ቁጥር ይደግምላችኋል፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ማንበብ ከበቂ በላይ ነው። ፋኑ በተነሳ ቁጥር ንባቡ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የሴንሰሩ ብረት በርሜሉን፣ በርሜሉም የባትሪውን ነጌቲቭ ነክተው እንደሆነ በቴስተር እዩ። ቺፑ ሽቦው የሚታሰርበትን ጫፍ ሙቀት የሚለካው በራሱ ገላ ስለሆነ ሳጥኑን ከበርሜሉ ጎን አታስጠጉት፤ ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት።

የኃይል ነገር አጭር ነው። አርዱዊኖው ፋኑ በተነሳ ቁጥር ራሱን አጥፍቶ የሚጀምር ከሆነ ቮልቴጁ እየወደቀበት ነው። ከ12 ቮልቱ በስቴፕ ዳውን (ቮልቴጅ በሚቀንስ ሰሌዳ) 5 ቮልት ለብቻው አውጡለት፣ መግቢያው ላይ የ1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር አድርጉ። የሁለቱ መስመሮች ነጌቲቭ መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ፋኑ ትእዛዝ አይሰማም። የፋኑ ዳዮድ፣ 1ኤን4007፣ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ይሁን። ሞስፌቱ፣ ማለት ፋኑን የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ፣ ከጌቱ (ትእዛዝ ከሚቀበልበት እግር) ወደ ነጌቲቭ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከሌለው አርዱዊኖው እስኪነሳ ድረስ ፋኑ በራሱ ሊሽከረከር ይችላል። አይአርኤፍ 540 የተባለው ሞስፌት በ5 ቮልት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ፋኑ ሙሉ ኃይል ላይ ሳለ በድሬንና በሶርስ፣ ማለት የፋኑ ኃይል በሚያልፍባቸው ሁለት እግሮቹ፣ መካከል ለኩ፤ ወደ 1 ቮልት ከተጠጋ በአይአርኤልዜድ 44 ኤን ቀይሩት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አሁን ኮዱን ክፈቱ። ትንሽ ፋን ኃይሉን ወደ 20 በመቶ ስትቀንሱበት ብዙ ጊዜ እያፏጨ ቆሞ ይቀራል። በዝግታ ከማሽከርከር ይልቅ በየ10 ሰከንዱ ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ ኃይል ስጡት፦ 30 በመቶ ስትፈልጉ 3 ሰከንድ ይሠራል፣ 7 ሰከንድ ያርፋል። ከፒአይዲው (ፋኑ ምን ያህል እንደሚሠራ ከሚያሰላው የኮዱ ክፍል) ሦስት ቁጥሮች መጀመሪያ ፒውን፣ አሁን ላለው የሙቀት ልዩነት የሚመልሰውን፣ ብቻ ይዛችሁ ሌሎቹን 0 አድርጉ። ከሰል የሰጣችሁትን አየር ውጤት የሚያሳየው ከደቂቃዎች በኋላ ነው፤ አንድ ቁጥር ቀይራችሁ ቢያንስ 40 ደቂቃ ሳትጠብቁ ሌላውን አትንኩ። ከባሕር ዳርቻ አገር የተቀዳ ቁጥርም እንዳለ አይሆንላችሁም፤ የደሴ አየር ከባሕር ጠለሉ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚያስገባው።

ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይወድቃል፣ ኮዱም «በረደ» ብሎ ፋኑን ይለቀዋል፣ ክዳኑ ክፍት ሳለ ከሰሉ ደግሞ ቶሎ ይጋጋማል። ክዳኑ ሲመለስ 140 ታያላችሁ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ከወረደ ፋኑ ለ3 ደቂቃ እንዲቆም፣ አይው፣ ያለፈውን የሙቀት ልዩነት እየደመረ የሚሄደው የፒአይዲው ክፍል፣ የሚያጠራቅመውም እንዲታገድ ጻፉ። ሲጀመርም ከሰሉን ሁሉ አታንድዱ፤ ከአንድ ጥግ 8 ወይም 10 ፍም ይበቃል። አንዴ ያለፈ ሙቀት ለመውረድ ሰዓት ይፈጃል።

ስጋው ውስጥ የተሰካው ሴንሰር ከ65 እስከ 75 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ቢቆም አትንቀሉት፤ ከስጋው የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ነው። ዶሮ ግን መሀሉ 74 ሳይደርስ አይውጣ።

በርሜሉ ኬሚካል የነበረበት ወይም ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ጨርሶ አትጠቀሙበት። ደግሞም፣ ክረምት ገብቶ ጉሙና ዝናቡ ሲያስመርራችሁ ዕቃውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ማድ ቤት ለማስገባት ታስቡ ይሆናል። አታስገቡት። አየር ያነሰው ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እናንተ የሠራችሁት ዕቃ ደግሞ ሥራው አየር መቀነስ ነው። ውጭ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ጥላ አድርጋችሁ፣ አራቱም ጎኑ ክፍት ሆኖ ይሠራ።