ሃይላንዱ ለምን መሬት ላይ ይወድቃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሱቄ ፊት ለፊት የታክሲ ሰልፍ አለ። «ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል» ብዬ ለጠፍኩ። ሶፍቱንም የሙዝ ልጣጩንም ጽሑፉ ሥር ይከምሩታል። ምን ይሻለኛል? (ከመገናኛ)

ጽሑፉ ብቻውን ብዙም አይረዳዎትም። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ ተመራማሪዎች ብስክሌት በሚቆምበት መተላለፊያ ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። በየብስክሌቱ መሪ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት አሰሩ። በአካባቢው መጣያ የለም። ግድግዳው ላይ ግን መሞነጫጨር የሚከለክል ምልክት አለ። ግድግዳው ንጹሕ ሳለ ወረቀቱን መሬት የጣለው 33 በመቶ ነበር። ምልክቱ እያለ ግድግዳው ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ደረሰ። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰው ሌላው ያደረገውን ያያል፤ ምልክቱን ማን ያነበዋል?

ስለዚህ መጀመሪያ ሥሩን ይጥረጉ። የጠዋቱ ብቻ አይበቃም፤ የማታው ሰልፍ ሳይጀምር ይድገሙት። መጣያውንም ከሱቅዎ በር ነቅለው ሰዉ ታክሲ ሊገባ ሲል የሚቆምበት ቦታ ያድርጉት። እጁ ላይ ያለውን የሚገላገለው እዚያ ነው።

ጠባያችን ነው በቃ! ይሄም ጥናት ያስፈልገዋል? (ከአዳማ)

ያስፈልገዋል። በአሜሪካ 130 የሕዝብ ቦታዎች ላይ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሳያውቁ ታይተው ነበር። ከተጣለው ነገር 17 በመቶው ከመጣያ ውጭ ነው ያረፈው፤ አብዛኛውም ሆን ተብሎ። ጠባይ አለበት፣ ልክ ነዎት። ግን መጣያው በራቀ ቁጥር፣ ቦታውም ቀድሞ በቆሸሸ ቁጥር የሚጥለው ሰው ይበዛል። ጠባዩን ከመለወጥ መጣያውን ማስጠጋት ይቀላል።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነኝ። ግቢያችንን እንዴት እናጥና? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ጎበዝ! ወረቀት ብቻ አትቁጠሪ፤ ሰዉን ተመልከቺ። ምን ይዟል? መጣያው ስንት እርምጃ ይርቃል? ብቻውን ነው ወይስ ከጓደኞቹ ጋር? አስቀድመሽ ለትምህርት ቤቱ አሳውቂ። ስም መጻፍና ፎቶ ማንሳት ግን የለም። ሁለት ሆናችሁ አንድ ቦታ ተመልከቱና መዝገባችሁን አስተያዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ በዚያው ሰዓት እንደገና እዩ። ሦስት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

መጣያ እያለ የማያዩትስ? (ከሐዋሳ)

ኮፐንሃገን ውስጥ ወደ መጣያው የሚመሩ አረንጓዴ የእግር ዱካዎች መሬት ላይ ተለጥፈው፣ ለአላፊ አግዳሚው ከረሜላ ታደለ። መሬት የወደቀው መጠቅለያ በ46 በመቶ ቀነሰ። እኛ ጋ ዱካው በአቧራው ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ እንጃ፤ መጣያውን ደማቅ ቀለም መቀባት ግን ከባድ አይደለም።