ዘይት ከተቀየረ በኋላ ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በደሴ ከተማ የምኖር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስሆን ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምመላለስበት 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሞተሩ እስካሁን 31,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ዘይቱንም በየጊዜው ሳላሳልፍ እቀይራለሁ። ዱባይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ለሞተሬ አስቦ ባለ 4 ሊትር፣ ሙሉ ሲንቴቲክ፣ 5ደብልዩ30 የሆነ የመኪና ዘይት ይዞልኝ መጣ። ዋጋው ከለመድኩት ዘይት ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለሞተሬ የተሻለ ይሆናል ብዬ አሮጌውን አፍስሼ በእሱ ተካሁት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞተሩ ድምፁ ለስልሶ፣ ማርሹም ቀልሎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከኮምቦልቻ ስመለስ የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ጋዝ ስጨምርለት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። አሁን በሜዳም ሰው ካፈናጠጥኩ እንደዚያው ያደርገኛል። ያየልኝ መካኒክ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ስላለቀ ሸራውም ሞላውም መቀየር አለበት ብሎኛል። ጥፋቱ የዘይቱ ሊሆን ይችላል? ሸራ ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የምችለው ነገር አለ? የተረፈውን 3 ሊትር ዘይትስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ለመፍትሔው የሚያደርሰው ፍንጭም ያለው በዚሁ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ሸራ፣ ማለትም የፍሪሲዮን ሳህኖች የለበሱት የሚይዝ ልባስ፣ የሚያልቀው ቀስ በቀስ ስለሆነ ምልክቱን ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ጀምሮ ያሳያል፤ መጀመሪያ በከፍተኛ ማርሽና በከባድ ጭነት ብቻ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ በሁሉም ማርሽ ያንሸራትታል። እስከ ዘይት ለውጡ ድረስ ሐረጎን ያለ ችግር ይወጣ የነበረ ሞተር ዘይቱ በተቀየረ በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ከሆነ ግን በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ዘይቱ ነው። ስለዚህ ለሸራና ለሞላ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዘይቱን ይቀይሩ። እስኪቀይሩም ድረስ ዳገት አይውጡ፣ ጭነትም አይጫኑ፤ ፍሪሲዮን በሚያንሸራትትበት ጊዜ ሁሉ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው መድረሱ ቀርቶ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ዛሬ በዘይት ለውጥ ብቻ የሚድን ሸራ ከሳምንት በኋላ ተጠብሶ ሊያገኙት ይችላሉ።

የመኪናና የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚለያዩበት ዋናው ነገር የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ካምቢዮው በእጅ በሚቀያየር መኪና ውስጥ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በራሱ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ከሞተር ዘይት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እንደ እርስዎ ባሉ ባለ ማርሽ ሞተር ሳይክሎች ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ በአብዛኛው አንድ ቤት ይጋራሉ፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የማርሽ ጥርሶችንም ያለሰልሳል፣ ፍሪሲዮኑንም እያቀዘቀዘ ያልፋል። ፍሪሲዮኑ ራሱ እንደ እንጀራ የተደራረቡ ክብ ሳህኖች ነው ማለት ይቻላል፤ ሸራ የለበሱ ሳህኖችና ልሙጥ የብረት ሳህኖች እየተፈራረቁ ይቀመጡና በላያቸው ሞላዎች ይጫኗቸዋል። እጀታውን ሲለቁ ሞላዎቹ ሳህኖቹን አጣብቀው አብረው እንዲዞሩ ያደርጋሉ፣ በመካከላቸው ያለውም ዘይት ተጨምቆ ይወጣል። ይሁን እንጂ ጨርሶ አይወጣም፤ በብረቱና በሸራው ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይቀራል፣ ሳህኖቹ መያያዛቸውና መንሸራተታቸው የሚወሰነውም በዚህ ስስ ሽፋን ጠባይ ነው።

የወንድምዎ ዘይት ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ ተብለው ለመኪና የሚሠሩ ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንሱ ቅመሞች አሏቸው፤ ከእነዚህም መካከል የሞሊብዲነም ውሕዶች ይገኙበታል። ቅመሞቹ ብረት ላይ ተለጥፈው የሚያዳልጥ ገጽ ይፈጥራሉ፤ ይህም መኪናው ነዳጅ እንዲቆጥብ ይረዳል፣ የመኪናውን ፍሪሲዮን ስለማይነኩም ጉዳት የላቸውም። በሞተር ሳይክል ውስጥ ግን ያው ቅመም፣ ሥራው መያዝ በሆነው ክፍል ላይ ይለጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የድምፁ መለስለስና የማርሹ መቅለል ያስደሰተዎት፣ በኋላም ሐረጎ ላይ ያስቸገረዎት ምናልባት ይኸው አንድ ጠባይ ነው። ዘይቱ መጥፎ አይደለም፤ ወንድምዎም ያመጡልዎት ውድና ጥሩ ነገር ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ዓይነት ማሽን ነው።

አንድ ነገር ለይተን ማስቀመጥ እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም በየጋራዡ የመኪና ዘይት ሁሉ ፍሪሲዮን ያጠፋል ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። እንደ 20ደብልዩ50 ያሉ ወፍራም ዘይቶችና ለናፍጣ ሞተር የሚሠሩ 15ደብልዩ40 ዘይቶች አብዛኛውን ጊዜ ያን ዓይነት ሰበቃ ቀናሽ ቅመም ስለሌላቸው በእነሱ ለዓመታት ያለ ችግር የሚነዱ ሞተሮች አሉ። መታየት ያለበት ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው። የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም የኤፒአይ፣ ክብ ምልክት ያለበት ጣሳ ከሆነ የክቡን የታችኛውን ግማሽ ይመልከቱ፤ እዚያ ላይ ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ ወይም ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ የሚል ቃል በላቲን ፊደል ከተጻፈ ዘይቱ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆንም። ይህ ቃል በብዛት የሚገኘው እንደ 5ደብልዩ30 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ስለሆነ በእርስዎም ጣሳ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

የሚፈለገው ምልክት ደግሞ ጃሶ ኤምኤ ወይም ጃሶ ኤምኤ2 የሚለው ነው። ጃሶ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት ነው፤ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ዘይት ያወጣው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ በ2006 ደግሞ ኤምኤ የሚባለው ምድብ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ። ዘይቱ የሚፈተነው እውነተኛ የፍሪሲዮን ሳህኖች በተገጠሙበት መሣሪያ ላይ ነው፤ ሳህኖቹ እየተንሸራተቱ ሳለ ያለው ሰበቃ፣ ከተያያዙ በኋላ የሚይዙበት ጥንካሬና እስኪቆሙ ድረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ይለካል። ኤምኤ2 ከሁሉም የበለጠ የሚይዘው ነው። ኤምቢ የሚለው ምልክት ግን የሚያዳልጥ ዘይት መሆኑን ስለሚያመለክት ለእርስዎ ሞተር አይግዙት። ውፍረቱን በተመለከተ የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ይከተሉ፤ የማርሽ ጥርሶች ዘይትን እየቆራረጡ ስለሚያቀጥኑት፣ ወፍራም ዘይት ለታዘዘለት ሞተር 5ደብልዩ30 መስጠት ከፍሪሲዮኑም ባሻገር ደግ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዘይቱን ከማፍሰስዎ በፊት የፍሪሲዮኑን ገመድ ይመልከቱ፣ ጊዜ አይፈጅም። እጀታው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት በሥሩ ሲለካ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል በልሉ መንቀሳቀስ አለበት። ገመዱ ተወጥሮ ይህ ልል ክፍተት ከጠፋ፣ እጅዎ እጀታው ላይ ባይኖርም ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተጨመቀ ይቆያል፤ እንዲህ ያለ ሞተር በማንኛውም ዘይት ያንሸራትታል። ገመዱ ደህና ከሆነ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሙቀው ያጥፉ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙና ዘይቱን ከነሙቀቱ ያፍስሱ፤ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በደንብ ይወጣል። ፊልትሮ ካለው ይቀይሩ ወይም እንደ ዓይነቱ ያጽዱ፣ ከዚያም በትክክለኛው ዘይት ይሙሉት። በዚህ መጠን ያሉ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት 1 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ወጪው ከሸራ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በአንድ ለውጥ ብቻ ግን አይርኩ። በሳህኖቹ መካከልና በየጥጋጥጉ የቀረው አሮጌ ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ብረቱ ላይ የተለጠፈውም ቅመም ወዲያው አይለቅም። ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር በሜዳና በቀስታ ይንዱና ዘይቱን ለሁለተኛ ጊዜ ይቀይሩ። ይህን ምክር ስንሰጥ ብዙዎች ሁለተኛው ለውጥ ብክነት ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን አጥብቀን እንድንናገር የሚያደርገን፣ የመጀመሪያው ለውጥ ግማሽ መንገድ ብቻ ወስዶ ሰውየው ጥፋቱ የዘይቱ አልነበረም ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ማየታችን ነው። ለማፋጠን ተብሎ ሞተሩ ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ሞልቶ ማስነሣትም በየቦታው ይደረጋል፤ እባክዎ ይህን አይፍቀዱ፣ ፍሪሲዮንን ለማጠብ ሲባል ኩሽኔታዎቹና ፒስተኑ ያለ ዘይት እንዲፋተጉ ማድረግ ነውና።

ከሁለተኛው ለውጥ በኋላ ሰፊና ጭር ያለ መንገድ ላይ በከፍተኛው ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጋዝ ይስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ በቀስታ ካደገ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፤ ድምፁ ብቻውን ዘልሎ ከወጣ አሁንም ያንሸራትታል፣ እንግዲያው ሽፋኑ ይከፈት።

ሽፋኑ ሲከፈት እርስዎም አብረው ቢገኙ እንወዳለን። ሸራው ጠቁሮ የማቃጠል ሽታ ካለው ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ መቀየር አለበት፤ ደህና ከሆነ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ። በትንንሽ ሞተሮች የአዲስ ሸራ ውፍረት ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የመጨረሻው የተፈቀደ ልክ ግን በመመሪያው ላይ ስለሚገኝ በዓይን ብቻ አይወሰን። የብረት ሳህኖቹ በቤንዚን ታጥበው ገጻቸው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ይሻከር፤ ሰማያዊ ቀለም ያወጣና በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲቀመጥ የሚወላገድ ሳህን ግን ተቃጥሏልና ይጣል። የሞላዎቹ ርዝመት ይለካ፤ አንዱ ካጠረ ሁሉም አብረው ይቀየሩ። አዲስ ሸራ ከመገጠሙ በፊት በትክክለኛው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ቢያድር መልካም ነው፣ ደረቅ ሆኖ ከገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊቃጠል ይችላል። የሞላዎቹ ብሎኖች በመስቀለኛ አቅጣጫ ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ፤ ጋስኬቱም አዲስ ይሁን። በሞላው ሥር ሮንዴላ ጨምሮ ማጠንከር የሚባል ዘዴም አለ፤ ለጊዜው የሚይዝ ይመስላል፣ ነገር ግን እጀታውን ያከብደዋል፣ ገመዱን ይበጥሳል፣ እውነተኛውንም ችግር ይሸፍናል።

መካኒክዎ ተሳስተዋል ብለን መደምደም አንችልም፤ 31,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሸራ ወደ ማለቂያው ተቃርቦ ሊሆን ይችላል፣ የሚያዳልጠው ዘይትም የቀረውን ትንሽ አቅም ወስዶበት ይሆናል። ነገር ግን ሸራው ቢያልቅም እንኳ ይህ ዘይት እያለ አዲስ ሸራ ቢገጠም ገንዘብዎ ባክኖ ነበር። የተረፈው 3 ሊትር ዘይት 5ደብልዩ30 የታዘዘለት የቤንዚን መኪና ላለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሁን። ጣሳው በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር እንዳይቀላቀልም ይጻፍበት።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ እነዳለሁ። ሞተሩ እንዲቀለው ብዬ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ወደ ዘይት የሚጨመር ቅመም ጨመርኩበት። ዘይቱን አልቀየርኩም፣ የመኪና ዘይትም ተጠቅሜ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ሦስት ሰው ስጭን ፍሪሲዮኑ ማንሸራተት ጀምሯል። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ ይገናኛሉ። የባለ አራት ምት ባጃጅም ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ባለ ብዙ ሳህን ነው፤ ሰበቃን ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጥ ቅመም ደግሞ የሚቀንሰውን ሰበቃ መርጦ ስለማይቀንስ ከፒስተኑ ጋር የፍሪሲዮኑንም ይቀንሳል። ትክክለኛ ዘይት ቢሞሉም ቅመሙ ሲጨመርበት የጃሶ ምልክቱ ዋጋ ያጣል፣ የተፈተነው ዘይቱ ብቻውን ነበርና። ለደሴው አንባቢ እንደተባለው ሁለት ጊዜ በቅርብ ርቀት ዘይት ይቀይሩ፣ በመካከሉም በተቻለ መጠን ጭነት ይቀንሱ፤ ለተሳፋሪ ሲቆሙና በዳገት ላይ ሲጠብቁ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ጨምቀው አይቆዩ፣ ማርሹን ያውጡና ፍሬን ይያዙ። ስኩተር ነጂዎች ቢጠይቁዎት፣ በቀበቶ ብቻ የሚሠራና ማርሽ የሌለው ስኩተር ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ጃሶ ኤምቢ የተባለውም ዘይት የተሠራው ለእሱ ነው። በእግር ማርሽ የሚቀየርባቸው፣ የፍሪሲዮን እጀታ ግን የሌላቸው ትንንሽ ሞተሮች ከስኩተር ጋር እንዳይምታቱ፤ የእነዚያ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ስላለ የሚያስፈልጋቸው ኤምኤ ነው።