«ውጪ ልውጣ» ሲሉ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለሲስተር፣ እንደምን ሰነበትሽ። እማዬ 81 ዓመቷ ነው። ስትሮክ መቷት ግራ ጎኗ ደክሟል። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም ከገባች አራት ወር ሆናት። ሁለት ሥራ ስለምሠራ ቤት ላቆያት አልቻልኩም። ስትገባ ሽንቷ ሲመጣ ታውቅ ነበር፤ ደግፈው ከወሰዷት ራሷ ትጠቀማለች። አሁን ግን ደወል ተጭናም ሰው የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። አንዳንድ ቀን ስሄድ ደግሞ ደወሉን በስተግራዋ አልጋው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። በቀደም በስልክ እያወራን ረዳቷ ገባችና «ዳይፐር አድርገሻል እኮ፣ እዚያው ሽኚ፣ በኋላ እቀይርሻለሁ» ስትላት ሰማሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ እማዬ አልገባትም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስጠይቃት «ምን ጎደለብኝ ልጄ፣ ተመስገን» ነው የምትለው። የውሃ ብርጭቆዋ ግን ሁልጊዜ እንደሞላ ነው። ልናገር እላለሁ፤ ደግሞ እሷ ላይ እንዳይወጡባት እፈራለሁ።
ስሜ ይቆየኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው ብርጭቆው ላይ ነው። እናትሽ ውሃ የተዉት ሳይጠማቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ሽንት እንዳይመጣባቸው ነው። በረዳትነት ጀምሬ፣ በኋላ በነርስነት፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ስንቴ አየሁ መሰለሽ። ልብሳቸው ላይ ከመሽናት ጥማቱን ይመርጣሉ። ይሉኝታ ስላለባቸው ደግሞ ለልጅም አይናገሩም። ውሃ ሲጠፋ የሽንት ኢንፌክሽን ይመጣል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ራስ ያዞራል፣ በዚህ ዕድሜ መቃዠትም አለ። ወይ ደግሞ መጠበቅ ሲሰለቻቸው ራሳቸው ሊነሱ ይሞክሩና ይወድቃሉ። ስለዚህ ጉዳዩን ለነገ አታሳድሪው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ድሮ የሠራሁበት ቤት አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ማታ ማታ ዊልቸራቸውን እየገፉ ወደ በሩ ይሄዱና «ውጪ ልውጣ፣ ኧረ ውጪ ልውጣ» ይላሉ። የዚያ ፎቅ ረዳት ደግ ልጅ ናት፣ አማርኛ ግን አታውቅም። ስልኳን አውጥታ አስተረጎመች። ስልኩም ቃሉን እንዳለ ተረጎመው፤ ሴትዮዋ ከቤት መውጣት ይፈልጋሉ አለ። ይኸው ተጻፈ። «ከሕንፃው ለመውጣት ትሞክራለች» ተባለና፣ በሩ ጋ ሲደርሱ የሚጮህ አምባር ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ታሰረ። እኔ አንድ ቅዳሜ ማታ ሰው ጎድሎ ከሌላ ፎቅ ተላክሁ። ድምፃቸውን ስሰማ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ሽንት ቤት ነው?» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳሙት። አለቀሱ። አምባሩ ከታሰረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ነበር የጠየቁት። በጨዋ ደንብ፣ ሰው እንዳያፍር አድርገው።

እዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወረቀት ላይ ያለውን ነው የሠራው። ለዚህ ነው ከወረቀቱ ጀምሪ የምልሽ። የማታ ተረኛዋ እናትሽን የምታውቃቸው በፋይላቸው ነው። እኔ በማታ ተረኝነት አሥር አሥራ ሁለት ሰው ለብቻዬ የያዝኩበት ጊዜ አለ። ለአንዷ ረዳት በቃል የነገርሽው ከእሷ ጋር ወደ ቤቷ ይሄዳል።

ወረቀቱ ኬር ፕላን ይባላል፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ማለት ነው። በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከመንግሥት የጤና መድን፣ ማለትም ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ፣ የሚከፈለው ነርሲንግ ሆም ሁሉ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ያዘጋጃል። ቢያንስ በየሦስት ወሩም ይከለሳል። ነዋሪውና እሱ የፈቀደው ቤተሰብ ስብሰባው ላይ የመቀመጥ መብት አላቸው። መጥሪያው በፖስታ መጥቶልሽ ከኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ቀርቶ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን ጋ እንደዚያ ነው። አሁን ቀጣዩን ሦስት ወር አትጠብቂ። ነገ ሶሻል ወርከሯን አግኝተሽ «የኬር ፕላን ስብሰባ እፈልጋለሁ» በያት። በኢሜይል ብትልኪው የበለጠ ነው፣ ቀኑ ይመዘገብልሻል።

ስብሰባው ላይ አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። እናትሽ ሲገቡ ሽንታቸውን ይቆጣጠሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙ ራሱ ካልከለከለው በስተቀር እንደዚያው እንዲቆይ ቤቱ የመርዳት ግዴታ አለበት። ዳይፐር ለድንገተኛ ነገር ነው እንጂ የሽንት ቤት ምትክ አይደለም። ሦስት ቀን ሽንታቸው የሚመጣበት ሰዓት ይመዝገብ በይ። ከዚያ በዚያ ሰዓት ልክ ይጻፍ፦ ጠዋት ሲነሱ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት ይወሰዱ። ረዳቷ ሰዓቱን አውቃ ቀድማ ከመጣች እናትሽ ደወል የሚያስፈልጋቸው አልፎ አልፎ ነው። የሚያጥባቸው ሰው ሴት እንድትሆን ከፈለጉም እዚያው አስጽፊ። ስለ ጾማቸውም ተናገሪ። ረቡዕና ዓርብ ወተትና እንቁላል ሳይነኩ ትሪው ሲመለስ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ።

አስተርጓሚ ይቅረብ በይ፣ በስልክም ይሆናል። በነፃ ማቅረብ የቤቱ ግዴታ ነው። አንቺ አታስተርጉሚ። ወንድም ካለሽ እሱ ደግሞ ጭራሽ። እናት ስለ ሽንቷ በልጇ አፍ አትናገርም። ባዕድ በስልክ ሲጠይቃቸው ግን አንቺ ሰምተሽው የማታውቂውን ሁሉ ይናገራሉ።

እስከዚያው ትልቅ ካርቶን ላይ የእናትሽን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ፣ ከጎኑ ትርጉሙን አድርገሽ፣ ራስጌያቸው ለጥፊ። መዝገበ ቃላት ላይ ያለውን ሳይሆን እሳቸው የሚሉትን ጻፊ። «ውጪ ልውጣ» ነው የሚሉት? «ደጅ ልውጣ»? «ተነሥቼ ልምጣ»? ጠይቂያቸውና እሱን ጻፊ።

እንዳይወጡባት ላልሽው፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ቅሬታ አቀረበ ተብሎ ነዋሪን መበቀል በሕግ ክልክል ነው። እዚህ በየስቴቱ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የቆመ ኦምቡድስማን አለ፤ አገር ቤት እንባ ጠባቂ የምንለው ማለት ነው። ስልኩ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ቤቱ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። በነፃ ነው፣ ያለ እናትሽ ፈቃድ ስማቸውን አያወጣም። ስብሰባው ካልተጠራ፣ ወይም ተጽፎ ካልተሠራ፣ ደውዪ። ያቺን ረዳት ግን በአለቃዋ ፊት አታዋርጃት። «እማዬ ታውቃለች እኮ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው» ብለሽ ራስሽ አሳያት። ብዙዎቹ ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ቤት ላቆያት አልቻልኩም ያልሽውን ደግሞ ለሰው ሁሉ ማስረዳት የለብሽም። ሁለት ሥራ እየሠራሽ ብርጭቆ መሙላቱን የምታይ ልጅ ነሽ።

ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ግን በዚያ በኩል እለፊ። ግራ እጃቸው አይሠራም፣ ደወሉ በግራ ተንጠልጥሏል። በቀኛቸው በኩል አንሶላው ላይ አስቆልፊው፤ መጫኑ ካስቸገራቸው በመዳፍ ነካ ሲያደርጉት የሚጮህ ጠፍጣፋ ደወል አለ፣ እሱን ጠይቂላቸው። ከዚያ ሽንት ቤት ወስደሽ አምጫቸውና ውሃውን አብራችሁ ጠጡ።