35 ከየት መጣ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የታችኛው ክፍል ሒሳብ በጨዋታ

ጥያቄ፦ ልጄ 2ኛ ክፍል ናት። ቁልቁል ስትቀንስ 42 ሲቀነስ 17 ብላ 35 ትጽፋለች። «ከጎረቤት ተበደሪ» እያልኩ ባስረዳትም በማግስቱ ትረሳዋለች። አሁንማ ደብተሩን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ሌላ መላ አለ? (አባት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አለ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሠራችው ጮክ ብላ ትንገርዎት፤ 35 በሁለት መንገድ ይመጣልና። «ከ7 ላይ 2 ሲነሳ 5» ካለች፣ ከ2 ላይ 7 አልነሳ ስላላት ገልብጣዋለች። «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን» የሚል ሕግ ይዛለች፤ ይህ ሕግ ደግሞ 1ኛ ክፍል ሳለች ሁሌም ይሠራላት ነበር። «ከ12 ላይ 7 ሲነሳ 5» ካለች ግን መበደሩን ታውቃለች፤ የረሳችው 4ቱ ወደ 3 መውረዱን ብቻ ነው። ሁለቱን ልጆች በአንድ ምክር ማስተማር አይቻልም።

ለመጀመሪያዋ ልጅ 42 ማለት 4 እና 2 ነው፣ 40 እና 2 አይደለም። ስለዚህ ስንደዶ ይፈልጉ። ከጠፋ የክብሪት እንጨት ይሆናል፤ ራሱን ግን አስቀድመው ይቁረጡለት። 50 ያህል በጣት ቁመት ይቆረጥና እሷው አሥር አሥር እየቆጠረች በላስቲክ ትሰር። ማሰሩን እርስዎ ከሠሩላት እስሩን እንደ አንድ ዕቃ ታየዋለች፤ ውስጡ አሥር መኖሩን የሚያሳምናት የገዛ ቆጠራዋ ነው። «አርባ አራቱ ታቦት» ሲባል እየሰማች ያደገች የጎንደር ልጅ ናትና መጀመሪያ 44ን ታስቀምጥ፦ 4 እስር፣ 4 ነጠላ። ሁለቱም 4 ተብለው ይጻፋሉ፣ አንደኛው ግን 40 ነው።

ከዚያ ባለሱቅ ትሁን። 4 እስርና 2 ነጠላ ይስጧትና «17 ሽጭልኝ» ይበሏት። ነጠላው ስለማይበቃት አንዱን እስር ትፈታለች፤ 3 እስርና 12 ነጠላ ይሆናል። 7 ነጠላና 1 እስር ስትሰጥዎት 2 እስርና 5 ነጠላ ይቀራታል፣ 25 ማለት ነው። የሸጠችውን ከቀረው ጋር ደምራ 42 ካልመጣላት ራሷ ታርመው።

እዚህ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር፣ የተፈታውን 10 ከነበረው 2 ጋር ሳትቀላቅል 7ቱን ከእሱ ላይ ብቻ ማንሳቷ ነው። 3 ቀረ ትልና 23 ትጽፋለች። እስሩ እንደተፈታ ሁሉንም ነጠላ አንድ ቦታ እንድትሰበስብ ያድርጉ። 4ቱን መቀነስ ለምትረሳዋ ልጅ ደግሞ ደንቡ አንድ ነው፦ እስር ከተፈታ በኋላ ምንም ከመሸጡ በፊት እስክሪብቶ ይነሳል፤ 4 ይሰረዝና ከላዩ 3፣ ከ2ቱ ላይ 12 ይጻፋል። እጅ የሠራውን ወረቀቱ ወዲያው ካልያዘው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 1ኛ ክፍል ነው፤ 8 ሲደመር 5 ሲባል በጣቱ ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል። ልከልክለው? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አይከልክሉት፤ ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ይቆጥራል እንጂ አይተውም። የተሻለ መንገድ ሲያገኝ ጣቱን ራሱ ይተወዋል። እንቁላል የሚደረደርበት ባለ 30 ካርቶን 6 ረድፍ ሆኖ በየረድፉ 5 ጎድጓዳ አለው። ሁለት ሁለት ረድፍ አድርገው ቢቆርጡት ባለ 10 ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል። በአንዱ 8 ቆርኪ ይደርድር፣ 5 በእጁ ይያዝ። ክፍት የቀሩት 2 ጎድጓዶች ይታዩታል፤ ከእጁ 2 ሞልቶ 3 ይቀረዋል፦ 10 እና 3። አደራ፣ ላይኛው ረድፍ ሳይሞላ ወደ ታችኛው አይሂድ። ቆርኪው ከተበታተነ 8ቱን በዓይኑ መያዝ አይችልም፣ እንደገና ከ1 ይጀምራል።

በማግስቱ 10 ቆርኪ በስኒ አናውጦ ይበትን። ስንቱ በጀርባው፣ ስንቱ በሆዱ ወደቀ? «7 እና 3» ይበልና ይጻፈው። ቀጥሎ የተደፉትን በስኒ ሸፍነው «ሥሩ ስንት አለ?» ይበሉት። በ10 ካስቸገረው ወደ 5 ይውረዱ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ገና ሳይሰለች ያቁሙት።

ጥያቄ፦ የ1ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ተማሪው ብዙ ነው፣ መሣሪያ የለኝም። (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ መምህር፣ ግቢው ይበቃዎታል። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ በሚጫወቱበት መንገድ ከ0 እስከ 20 ረጅም መስመር በጠመኔ ወይም በእንጨት ይጫር። ለስድስት ለስድስት ልጅ አንድ መስመር ያድርጉ፤ አንዱ ሲዘል አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ የቀሩት መልሱን ከዝላዩ በፊት በጣታቸው ያሳያሉ። የሚዘለው ብቻ ካሰበ አምስቱ ሥራ ፈቱ።

አንድ ስህተት ይጠብቁ። 6 ላይ የቆመ ልጅ «3 ጨምር» ሲባል የቆመበትን 1 ብሎ ቆጥሮ 8 ላይ ያርፋል። «ቁጥሩ ዝላዩ ነው፣ እግርህ አየር ላይ ሲሆን 1 በል» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ገበጣ ለሒሳብ ይረዳል ይባላል፤ እውነት ነው? (አያት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ይረዳል፣ ግን ዝም ብሎ በማዞር አይደለም። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ቆፍረው በየአንዳንዱ 4 ጠጠር ያድርጉ፣ ድምሩ 48 ነው። ልጁ ጠጠር ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በጣቱ ይጠቁም። ጠጠሯ እዚያው ካረፈች ይቀጥላል፤ ካላረፈች ተራው የእርስዎ ነው። ትንንሾቹ የሚሳሳቱት ከባዶው ጉድጓድ ራሱ ማከፋፈል ስለሚጀምሩ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጠጠር ቀጥሎ ባለው መውደቅ አለባት።