ለሚዲያ ተማሪዎች፦ ማን ይሰማ ነበር?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ስለ ቲክቶክ ላጥና ወይስ ስለ ጋዜጣ? የትኛው ነው ሥራ የሚያስገኝልኝ?» አለችኝ። በወቅቱ አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ማታ ግን ጥያቄዋ አላስተኛኝም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ርዕስ ፍለጋ ለምትንከራተቱ ልጆቼ ሁሉም ይህን ጽፌያለሁ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የሚዲያ ፍቅር ያደረብን ልጆች የምንገባው በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በኩል ነበር። ራሱን የቻለ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ገና አልመጣም። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ሳፈላልግ አንድ የማውቀው ሰው ወደሚሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ወሰደኝ። የድሮ ፕሮግራሞች ካሴት ላሳይህ ብሎ ነበር። ካሴቱን ለማውጣት የንብረት ክፍሉን በር ሲከፍት ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ከግድግዳው ሥር እስከ መስኮቱ ድረስ ማዳበሪያ ተደርድሯል። «ምንድን ነው?» አልኩት። «የአድማጭ ደብዳቤ ነዋ» አለኝ።

አንዱን ማዳበሪያ ፈታልኝና ወለሉ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሄድኩ። ሰውየውም ቁልፉን እየሰጠኝ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የዘፈን ምርጫ ናቸው። ወታደር ለእናቱ ዘፈን ይጠይቃል፤ እናት ደግሞ ለወታደር ልጇ። «አፋልጉኝ» የሚሉ ነበሩ። የዜና አንባቢውን አነጋገር የሚያርሙ የገጠር አስተማሪዎች ነበሩ፤ እነሱ ሦስትና አራት ገጽ ነው የሚጽፉት። አንድ ገበሬ የማታው ዜና ከብት ከሚገባበት ሰዓት ጋር ስለሚገጥምበት ትንሽ ወደ ኋላ እንዲገፋለት ጠይቋል። ጥያቄው ትክክል ነው። ለማን እንደምታሰራጭ የምታውቅ ጣቢያ ይህን ጉዳይ ስብሰባ ላይ ታነሳው ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የማስታውሰው የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ዕድሜያቸው የገፋ ስንት ሰዎች ፊደል እንደቆጠሩ ታውቃላችሁ። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃም ተሸልሟል። እኚህ እናት ከእነዚያ አንዷ ነበሩ። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ መስመሩን ይስታል። ሬዲዮው የጎረቤት መሆኑን፣ ማታ ማታ ተሰብስበው እንደሚሰሙ ነገሩን። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለሆነ ከዜናና ከትረካ ሌላ አይከፍቱም። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው ማታ ይመልሱታል። ዜና የምታነበዋን ልጅ ግን «ቶሎ ቶሎ አትበይ» አሏት። ምክንያቱን ጽፈዋል። ከመካከላቸው ለማይሰሙት ሽማግሌ የሰሙትን የሚደግሙላቸው እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ስትፈጥን አያደርሱም።

እስቲ ይህን ደብዳቤ እንደ ሚዲያ አጥኚ አንብቡት። አንድ ሬዲዮ ስንት ሰው ይሰማዋል? ምን ይመረጣል? መራጩ ማን ነው? ዋጋው ምንድን ነው? የተሰማው ነገር እንዴት ከአፍ ወደ አፍ ያልፋል? ዛሬ በትልልቅ መጻሕፍት የምናስተምረው ሁሉ በአንድ ገጽ ውስጥ አለ።

አማካሪዬ ጋ በደስታ ሄድኩ። ደብዳቤ መረጃ አይሆንም አለኝ። የጸሐፊው ዕድሜ አይታወቅ፣ ናሙናው አይታወቅ፤ ይልቅ ጋዜጣ ቁጠር አለኝ። ስለዚህ ቆጠርኩ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ገብቼ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የአዲስ ዘመንን ጥራዝ እያገላበጥኩ የፊት ገጽ ዜና በዓይነት በዓይነቱ መደብኩ። ጋዜጣው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነውና ጥራዙ አያልቅም። ሥራው ከንቱ አልነበረም። ትዕግሥት አስተምሮኛል። ውጤቱም ጥሩ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ለደብዳቤዎቹ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ቢሮ ሲቀየር «ቆሻሻ» ተብሎ ተወግዷል። ወረቀቱ በኪሎ ተሸጧል የሚል ሰው አለ፤ ተቃጥሏል የሚልም አለ። የቀረኝ በእጄ የገለበጥኳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የዚያ ዘመን አድማጭ ምን ያስብ እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ እስካሁን ያንገበግበኛል። የተሰራጨውን እናውቃለን። የተሰማውን አናውቅም።

ከጋዜጣም ጋር ያው ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ካስቀረ በኋላ አራት ኪሎን ያዩ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ሰው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ ያነባል፣ ይመልሳል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ፖለቲካውን የሚከራይ አለ፤ ክፍት የሥራ ቦታውን ብቻ አይቶ የሚመልስ አለ። አንድ ቅጂ በቀን ስንት እጅ ያልፍ ነበር? ማተሚያ ቤቱ የሚያውቀው ያተመውን ነው። አከራዩ ግን ያውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ስለ አጀንዳ ቀረጻ፣ ማለትም ሚዲያ ሕዝቡ የትኛውን ጉዳይ ትልቅ አድርጎ እንዲያይ እንደሚያደርግ ያልጻፈ ተማሪ የለኝም። ሁላችሁም አሜሪካውያኑን አጥኚዎች ማኮምስና ሾውን ትጠቅሳላችሁ። ጥናታቸውን ግን አንብባችሁታል? በ1968 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን በቻፕል ሂል ከተማ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን አናግረዋል። ዋነኛው ጉዳይ ምንድን ነው ብለው ጠይቀዋል። ከዚያ መልሱን እነዚያ ሰዎች ይከታተሉት ከነበረው ሚዲያ ይዘት ጋር አስተያዩት። ሁለቱን ጎን ይዘው ነው የተነሱት። እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ ቀረ። ጋዜጣውን ቆጥረን «ሕዝቡ ላይ አጀንዳ ቀርጿል» ብለን እንደመድማለን። ሕዝቡን ማን ጠየቀው? እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቀርብልኝ አላሳልፈውም፤ ተማሪዎቼ ይህን ያውቃሉ።

እንግዲህ ስለ ቲክቶክ ማጥናት ይቻላል ወይ? በደንብ ይቻላል። ግን ላይክና ሼር ቆጥራችሁ አትምጡ። ቤት ሂዱ። ስልኩን ማን ይይዛል? ዳታ የሚሞላው ማን ነው? ብዙ ቤት ውስጥ ልጅቷ ታያለች፣ እናት ደግሞ ወጥ እየሠራች ትሰማለች። ያቺ እናት በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የለችም። የባትሪ ድንጋይ ዛሬ የዳታ ፓኬጅ ሆኗል። ጥያቄው አንድ ነው።

ርዕስ ለመምረጥ አትቸኩሉ። የዛሬ ልጆች ችኩል ናችሁ፤ ሳይነበብ ይጻፋል፣ ሳይጻፍ ይታወቃል። ደግሞ እኛ አማካሪያችንን ለመጠየቅ የማንደፍረውን እናንተ ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። እኔ በናንተ ልብ ብከራከር ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር።

መረጃ መሰብሰብን ግን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ርዕስ ሳይኖራችሁም ቢሆን። የቴሌግራም ቻናል በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የላይቭ ኮሜንት ተሰርዞ ያድራል። ስክሪንሾት ስታነሱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተገኘበትን ጻፉ። ያለ ፈቃድ የሰው ስም አታውጡ። ቀን ስትጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ይህን ሳያስተውል አንድ ሙሉ ምዕራፍ የተበላሸበት ተማሪ አይቻለሁ።

ስለ ሥራው ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ካስተማርኳቸው ብዙዎቹ ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ናቸው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ቤተሰብ ይተዳደርበታል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሰው ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥና የሰማውን በትክክል የሚጽፍ ልጅ ይፈለጋል። ሲቪ አጻጻፍ ሌሎች ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ክረምት ቤተሰብ ስትጠይቁ የድሮ ጋዜጣ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት፣ ለጣቢያ የተጻፈ ደብዳቤ ቅጂ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አልጋ ሥርም፣ ቆጥ ላይም ፈልጉ። ካገኛችሁ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ባለቤቶቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ወመዘክርን ወይም የስድስት ኪሎውን ቤተ መጻሕፍት አነጋግሩ። እነሱ ቦታ የለንም ካሏችሁ እኔ ጋ አምጡት።